«እኔ ዘንድ ይከፈታል»

ሰው በሁለት ይከፈላል፤ የተላከለት ፋይል አልከፈት ያለውና ፋይሉን የላከው። የመጀመሪያው ወገን ብዙ ነው። ስልኩን ይነካካል፣ ያጠፋል፣ ያበራል፣ በመጨረሻም ራሱን ይወቅሳል። ሁለተኛው ግን በየከተማው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ራሱን ወቅሶም አያውቅም። ደውለው «አልከፈት አለኝ እኮ» ሲሉት ፋይሉን ራሱ ይነካል። በስልኩ ውስጥ የማውስ ቀጭ ቀጭታ ይሰማል። ከዚያ ይግባኝ የሌለው ፍርድ ይሰጣል፦ «እኔ ዘንድ ይከፈታል።»

ደባርቅ ላይ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር አቶ ባርናባስ ናቸው። ስሙን ማንሳት በማያስፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከኮታቸው ላይ ጋቢ የሚደርቡ፣ መነጽራቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሰው ናቸው። አባታቸው ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው መጽሐፍ የሚጽፉ ጸሐፊ ነበሩ። በዚያ ቤት የቅዱሳን ስም በቀይ፣ የቀረው በጥቁር ይጻፋል። መሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ሲሰጣቸው፣ አቶ ባርናባስ ዙሪያውን ዞረው አዩትና የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር ይባላል፦ «ቀዩ ቀለም በየት በኩል ነው?»

አገኙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአቶ ባርናባስ እጅ የወጣ ኢሜይል ሁሉ እንደ ሙሽራ ተሸልሞ ነው የሚወጣው። ከላይ የመሥሪያ ቤቱ ስም በደማቁ፣ በስተቀኝ ቁጥርና ቀን፣ መሐል ላይ «ጉዳዩ» የሚለው በቀይ ተጽፎ ከሥሩ ይሰመርበታል። ከታች በስካነር የተነሣ ፊርማቸው፣ ከፊርማው ላይ ደግሞ ጋደም ያለ ሐምራዊ ክብ ማኅተም። ማኅተሙን ካስቀመጡ በኋላ ወዲያው አይልኩም፤ እጃቸውን አጣጥፈው ጥቂት ይጠብቃሉ። «ለምን አይልኩትም?» ያላቸው ሰው ቢኖር «ይድረቅ እንጂ!» ይላሉ።

ከላኩ በኋላ ይደውላሉ፤ «ደብዳቤ ልከናል» ለማለት። ከደወሉ በኋላ የመጀመሪያው ደብዳቤ መድረሱ እንዲገለጽላቸው የሚጠይቅ ሁለተኛ ደብዳቤ ይልካሉ። እርሱም ቁጥር አለው። እርሱም ማኅተም አለው። ከዚያ ሁሉንም በወረቀት አትመው፣ በስተው፣ «ወጪ» የሚል ክላሰር ውስጥ ይከቱታል።

ችግሩ መንገድ ላይ ነው። ደብዳቤው ከደባርቅ ሲነሣ ባለ ቀለም፣ ባለ ማኅተም፣ ባለ ሦስት አባሪ ነው። ተቀባዩ ዘንድ ሲደርስ ግን ጥቂት ደረቅ መስመርና «ዊንሜይል ዳት» የምትባል አንዲት ፋይል ብቻ ሆኖ ይገኛል። ቢነኳት አትከፈት፣ ቢያወርዷት አትከፈት። አባሪ የለ፣ ማኅተም የለ፣ ቀይ የለ።

ደግሞ የአገሩ ሰው ጨዋ ነው። ባለ ማኅተም መሥሪያ ቤት ተሳሳተ ከማለት ስልኬ ነው የተበላሸው ማለት ይቀለዋል። አንድ ርዕሰ መምህር በዚህ የተነሣ ሁለት ጊዜ ስልክ ቀየሩ። ደፍሮ የደወለ ቢኖርም ያችን ፍርድ ሰምቶ፣ «እንግዲህ እኔ ነኛ» ብሎ ይዘጋል። አቶ ባርናባስም አንድ ሰው እንኳ ስላልተከራከራቸው፣ በዚህ አገር ደህና ስልክ የያዘ ሰው እንደሌለ አምነው ያዝኑ ነበር።

የበየዳው መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ታሪክ እስከ ዛሬ ይነሣል። ለደብራቸው ጣሪያ ማደሻ የተጻፈ የፈቃድ ደብዳቤ በኢሜይል ተላከላቸው። አልከፈት ሲላቸው ኔትወርክ ካለበት ኮረብታ ላይ ወጥተው ደወሉ።

«መሪጌታ፣ እኔ ዘንድ ይከፈታል» አሉ አቶ ባርናባስ። «ካላመኑኝ መጥተው ይዩት።»

መሪጌታም ሲጠሩ የማይቀሩ ሰው ናቸውና በቅሏቸውን ጫኑ። አንድ ቀን ተኩል ተጉዘው ደባርቅ ገቡ። አቶ ባርናባስ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወንበር አቀረቡና ደብዳቤውን ከፈቱት። በእርግጥም ተከፈተ። መሪጌታ ከራስጌው እስከ ግርጌው አነበቡት፣ ቀዩን አደነቁ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ያማረ ነው» አሉ። ማተሚያው በዚያ ቀን ቀለም ጨርሶ ስለነበር እንደመጡ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። የሰበካ ጉባኤው ደብዳቤው የታለ ብሎ ቢጠይቃቸው «አይቼዋለሁ፤ አለ» ብለው መሰከሩ። ጣሪያው በምስክርነት ታደሰ።

እንግዲህ የዳባቷ ወይዘሮ ምሥራቅ ጉዳይ እኚህ ሰው እጅ ላይ ወደቀ።

ምሥራቅ ዳባት ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍቱን ከያዘች አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗታል። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲያ አልተማረችም፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቃት ቀድማ ትናገራለች። ተማሪ የተቀደደ መጽሐፍ ሲመልስላት «ይቅርታ» የምትለው እርሷ ናት። ጎንደር ባለ አንድ ማሠልጠኛ የስድስት ወር የቤተ መጻሕፍት ሥልጠና እንደሚሰጥ ካወቀች ቆይታለች። ሁለት ጊዜ ማመልከቻ ጽፋ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሳትልከው ቀርታለች። በሦስተኛው ዐይኗን ጨፍና ላከችው፤ ተቀበሏት። የቀረው የሥራ ልምድ ማስረጃ ብቻ ነበር። እርሱም የተጭበረበረ ማስረጃ ስለበዛ ከመሥሪያ ቤቱ የኢሜይል አድራሻ በቀጥታ ካልመጣ አይወሰድም። የመጨረሻው ቀን ዓርብ፣ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት።

የትምህርት ቤቱ ሠራተኞች ማኅደር የሚቀመጠው ደባርቅ፣ አቶ ባርናባስ ዘንድ ነው። ሰኞ ዕለት ማስረጃውን ወደ ጎንደር ላኩ፤ ግልባጩንም ለምሥራቅ። ምሥራቅ ስልኳ ላይ ዊንሜይልን አየቻት። ነካቻት። አልተከፈተችም። መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልኳን ገልብጣ እያየች፣ «እኔ ነኛ» አለች።

ረቡዕ ከጎንደር ተደወለ።

«ወይዘሮ ምሥራቅ ነዎት? ሀናን እባላለሁ፣ ከማሠልጠኛው ሬጅስትራር። ከመሥሪያ ቤትዎ የመጣው ማስረጃ አልከፈት አለን።»

«ይቅርታ» አለች ምሥራቅ።

«እርስዎ ምን አደረጉ?»

«እኔ እንጃ። ብቻ ይቅርታ።»

ሀናን ሳቋ መጣ። «ይስሙኝ፣ ዓርብ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት የሚከፈት ነገር ካልደረሰን ቦታዎ ለተጠባባቂ ይሰጣል። ላኪዎቹን ይጨቅጭቋቸው እሺ?»

ምሥራቅ በሕይወቷ ሰው ጨቅጭቃ አታውቅም። ደባርቅ ደወለች፤ የማውሱን ቀጭ ቀጭታ ሰማች፤ ፍርዷንም ተቀበለች። አቶ ባርናባስ ግን ልባቸው ደግ ስለሆነ ሐሙስ ጠዋት እንደገና ላኩት። ጎንደሮች ይበልጥ እንዲያምኑ በአንዱ ማኅተም ፈንታ ሁለት አደረጉበት። ጎንደርም ከፊተኛዋ የወፈረች ዊንሜይል ደረሰች።

ዓርብ ጠዋት ምሥራቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥራ ፈቃድ ወሰደች። ሚኒባሱን ላለማሳለፍ ስትሮጥ መነጽሯን ቤት ረሳችው፤ ትዝ ያላት ከመንገዱ መሐል፣ ወቀን ሲደርሱ ነው። ደባርቅ ስትገባ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት ለመውረድ የቆሙት ከባድ መኪኖች መንገዱን ሞልተው፣ ሾፌሮቹ ከሥር ተጋድመው ፍሬን ይመረምራሉ። በመካከላቸው እየተሹለከለከች አምስት ሰዓት ላይ መዝገብ ቤቱን አንኳኳች።

«መጣሽ!» አሉ አቶ ባርናባስ ፊታቸው በርቶ። «ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ። ይኸው፣ አይተሻል? ተከፈተ!»

አባሪው ማስረጃ ተከፍቷል። ሁሉን በአንድ ገጽ ለማሳጠር ፊደሉን አድቅቀውታል። ምሥራቅ ያለ መነጽሯ የታያት ጉንዳን የሞላበት ነጭ ሜዳና ግርጌው ላይ አንድ ሐምራዊ ክብ ነው። «አይታየኝም» ማለት ደግሞ አፈረች።

«አነበብሽው?»

«አዎ፣ ጋሽ ባርናባስ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

አቶ ባርናባስ አንድ ነገር የሚጠብቁ ይመስል ፊት ፊቷን አዩዋት። «ሌላ... ምንም አትዪም?»

ምሥራቅ ጨነቃት። «ማኅተሙ ያምራል» አለች።

«ማኅተሙ» አሉ አቶ ባርናባስ ቀስ ብለው። ፊታቸው ላይ የበራው ነገር ጠፋ። «ደግ። እንግዲህ እኔ ዘንድ ይከፈታል። ጎንደሮች የሚከፍት መሣሪያ ይፈልጉ። እኔ እስከ ዐሥር ሰዓት ስብሰባ አለኝ።» ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ።

ከመሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት የሱልጣና ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ሱልጣና አባቷ ገበያው ውስጥ ጨርቅ ሲሸጡ አጠገባቸው ቆማ ያደገች ነጋዴ ናት፤ ዝም ያለ ሰው ካየች አይሆንላትም።

«እትዬ፣ ከበሩ ላይ ምን ይገትርሻል? ግቢና ተቀመጪ! ምን ሆነሽ ነው?»

ምሥራቅ ስልኳን ሰጠቻት። ሱልጣና አንድ ጊዜ አይታ ጠረጴዛውን በእጇ መታችው።

«የጋሽ ባርናባስ ቋጠሮ! ይችን እኮ እንደ ዘመድ ነው የማውቃት። አልከፈት ያለው ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚያመጣት።»

«እና የስልኬ ጥፋት አይደለም?»

«ምን በወጣው! ጥፋቱ የደብዳቤው ማጌጥ ነው። የእሳቸው ፕሮግራም ቀለምና ሥዕል የበዛበትን ደብዳቤ ሲልክ፣ አባሪውንም ምኑንም አንድ ላይ ይቋጥረዋል። ቋጠሮውን የሚፈታው እንደ እሱ ያለ ፕሮግራም ብቻ ነው። ሌላው ቋጠሮውን ያያል እንጂ ውስጡን አያይም።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪያቸውም?»

«ሦስት ጊዜ ነገርኋቸው። 'የኮፒ ቤት ምክር አልጠየቅሁም' አሉኝ። እሳቸው የሚሰሙት ባለጉዳይ ሲናገር ነው። ባለጉዳይ ደግሞ 'ይቅርታ' ብሎ ይሄዳል።» ሱልጣና ቀና ብላ አየቻት። «አንቺ ነሽ የምትነግሪያቸው።»

ምሥራቅ ያን ዕለት ከሰዓት የኮፒ ቤቱን ግድግዳ ሰዓት እያየች አንዲት ዓረፍተ ነገር ስታጠና ዋለች። ዐሥር ሰዓት ሆነ። ስብሰባው አላለቀም። ዐሥር ከሩብ። ዐሥር ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ረጅሙ ጋቢ በግቢው ብቅ አለ። ሱልጣና ሱቋን ሳትዘጋ ምሥራቅን በክንዷ ይዛ ተከተለቻቸው።

«ደግሞ ምን መጣ?» አሉ አቶ ባርናባስ።

ምሥራቅ ያጠናችውን ተናገረች። «ጋሽ ባርናባስ፣» አለች፤ «እርስዎ ዘንድ ይከፈታል። በዐይኔ አይቻለሁ። ችግሩ እርስዎ ዘንድ ብቻ መከፈቱ ነው።»

አቶ ባርናባስ መነጽራቸውን አወለቁ። በስንት ዓመት አንድ ባለጉዳይ ሲከራከራቸው የመጀመሪያው ነበር።

«ብቻ?» አሉ።

«ብቻ።»

«መሪጌታም? ርዕሰ መምህሩም?»

«ሁላችንም፣ ጋሽ ባርናባስ። ስላፈርን ነው እንጂ።»

አቶ ባርናባስ የ«ወጪ» ክላሰሮች የተደረደሩበትን መደርደሪያ ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ ወደ ሱልጣና ዞሩ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «ምን ይሻላል ነበር ያልሽኝ?»

«እዚህ ጋ 'ፕሌን ቴክስት' የምትል አለች፣ ጋሼ። ጽሑፍ ብቻ ማለት ነው። እሷን ይንኩ።»

«ጽሑፍ ብቻ ሲባል... ጉዳዩስ?»

«ጥቁር።»

«ማኅተሙ?»

«አይኖርም።»

«አንቺ ልጅ፣ ደብዳቤ ራቁቱን ጎንደር ድረስ ልስደድ?»

«ማስረጃው አባሪው ውስጥ ለብሶ፣ ታጥቆ፣ ታትሞ ተቀምጧል እኮ! ራቁቱን የሚሄደው መሸኛው ነው።»

አቶ ባርናባስ ሰዓቱን አዩ፤ ለዐሥራ አንድ ሃያ ጉዳይ ነው። ምሥራቅን አዩ። ሱልጣና ያሳየቻቸውን ነኩት። ቀዩ ጠፋ፣ መስመሩ ጠፋ፣ ፊርማውና ማኅተሙ ጠፉ። የቀረው እንደ ተላጨ ራስ ያለ ጽሑፍ ነው። ሰውየው ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ተመልሰው ግርጌው ላይ በሁለት ጣት መጻፍ ጀመሩ፦ «(በዚህ ሥፍራ የመሥሪያ ቤቱ ክብ ማኅተም አለ።)» ትንሽ አሰቡና ወደ ደብዳቤው ራስ ተመለሱ። ከ«ጉዳዩ» አጠገብ፦ «(ይህ መስመር ቀይ ነው።)»

ሱልጣና አፏን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

አቶ ባርናባስ ጨርሰው እጃቸውን አጣጠፉ። ምሥራቅ ጠበቀች። አንድ ደቂቃ አለፈ።

«ጋሼ!» ጮኸች ሱልጣና ከበሩ። «ምኑ ነው የሚደርቀው? ማኅተም የለበትም!»

«እህ፣ ለካ» አሉና ላኩት።

ዐሥራ አንድ ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው የምሥራቅ ስልክ ጮኸ። ሱልጣና ነጥቃ ድምፁን ለሁሉም ከፈተችው።

«ተከፈተ!» አለች ሀናን። ሱልጣና እልል አለች፤ ወደ ኮሪደሩ ሰው ወጣ። «ወይዘሮ ምሥራቅ፣ ይሄ ግን ምን ዓይነት የሥራ ልምድ ነው? እኛ የሚመጣልን ሁለት መስመር ነው። አንብበውታል?»

ምሥራቅ አቶ ባርናባስን ሰረቅ አድርጋ አየቻቸው። «አላነበብኩትም» አለች።

«እንግዲያው ላንብብልዎት። 'ወይዘሮ ምሥራቅ በየዓመቱ ከላኩልን አሥራ ስምንት ሪፖርት እንደምንረዳው፣ ሦስት ሺህ አርባ ሁለት መጽሐፍ በእጃቸው ጠግነዋል። ጣሪያው ባፈሰሰበት ክረምት መጻሕፍቱን ወደ ቤታቸው አሽሽተው፣ መስከረም ላይ አንድ ሳይጎድል መልሰዋል። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ የጠፋው መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው። ስለ እርሱም በአምስተኛው ሪፖርታቸው ይቅርታ ጠይቀዋል። ይህ መሥሪያ ቤት ይቅርታው አስፈላጊ እንዳልነበረ ያምናል።'»

ምሥራቅ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። እነዚያን ሪፖርቶች በየሰኔው ስትልክ ማንም ያነባቸዋል ብላ አስባ አታውቅም። ማንም አለማንበቡ ነበር እንድትጽፍ ድፍረት የሚሰጣት። አቶ ባርናባስ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ፤ ጆሯቸው ቀልቷል። አጠገባቸው፣ ከመደርደሪያው ላይ፣ በክር የታሰሩ አሥራ ስምንት ሪፖርቶች ተቀምጠዋል።

«ቅድም አነበብሁት አላልሽኝም?» አሉ ሳይዞሩ።

«መነጽሬን ዳባት ረስቼው ነው። ይቅርታ።»

«አስፈላጊ አይደለም» አሉ አቶ ባርናባስ።

ምሥራቅ ስድስቱን ወር ተማረች፤ ጨረሰች። ጎንደር እንዳለች የምስክር ወረቀቷን ማኅደሯ ውስጥ እንዲያያዝ በኢሜይል ወደ ደባርቅ ላከች። የማሠልጠኛው ኮምፒውተር አዲስ ነው፤ የአቶ ባርናባስ ደግሞ የመጀመሪያው ነው። ሰዓትም ሳይቆይ ተደወለ።

«ምሥራቅ፣ አባሪሽ አልከፈት አለኝ።»

ምሥራቅ ፋይሉን ነካችው። ከአፏ የወጣው «ይቅርታ» አልነበረም።

«እንዴ ጋሽ ባርናባስ! እኔ ዘንድ ይከፈታል።»

ምሥራቅ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ማዶ ረጅም፣ ሳል የቀላቀለ ሳቅ መጣ።

«እውነትሽን ነው?»

«መጥተው ይዩት።»

በማግስቱ አቶ ባርናባስ በመጀመሪያው መኪና ተሳፍረው ጎንደር ገቡ። ምሥራቅ ወንበር አቀረበችላቸውና ከፈተችው። መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ወልውለው ከራስጌው እስከ ግርጌው አነበቡ። ስሟ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፣ እንደገና አነበቡት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ። «ያማረ ነው።» ተነሥተውም በመጡበት ተመለሱ። ማተሚያው ቀለሙን ሞልቶ ከጎናቸው ቆሞ ነበር፤ ሁለቱም አላስታወሱትም።

ሰኞ ዕለት ደባርቅ፣ ከምሥራቅ ማኅደር ውስጥ አንድ ወረቀት ገባ። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ጉዳዩ በቀይ ተጽፎ ተሰምሮበታል። ግርጌው ላይ በደንብ የደረቀ ሐምራዊ ማኅተም ተመትቷል። መሐሉ ላይ ያለው ጽሑፍ አንድ መስመር ነው፦

«አይቼዋለሁ፤ አለ።»